ስንቅና ተቀማጭ

በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ዝናቡ ፋታ በሰጠበት አንድ ቅዳሜ፣ በኮንዶሚንየሙ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሃምሳ ኪሎ ዱቄት በወንፊት ስነፋ ዋልሁ። ከወንፊቱ ላይ የሚቀረው እንክርዳድ አልነበረም፤ ነቀዝ ነበር። ነቀዝ ብቻም አይደለም፤ ድር የሚያደራ ነጭ ትል ነበረበት። በሁለተኛው በርሜል ግርጌ ደግሞ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ አረንጓዴ ሻጋታ የለበሰ የሽሮ ጓል አገኘሁ።

ያን ሁሉ የገዛሁት በመጋቢት ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር እኔ እንደ ወትሮዬ በባንክ መስኮት ውስጥ ነበርሁ። የዚያን ሰሞን ሰልፍ አልረሳውም። ደንበኛው ገንዘቡን ይቀበላል፣ ሳይቆጥረው ኪሱ ይከታል፣ ወደ ገበያ ይሮጣል። ከመስኮቱ ወዲህ ያለሁት እኔም ሰው ነኝና ከሥራ ስወጣ ሮጥሁ። ሻጩ የጠራውን ዋጋ ያለ ክርክር ከፈልሁ። ሃምሳ ኪሎ የስንዴ ዱቄትና ሃያ ኪሎ ሽሮ ከሁለት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ጋር አስጭኜ ገባሁ። ክዳናቸውን ገጥሜ ከመኝታ ቤቱ ጥግ ሳቆማቸው የተሰማኝን ኩራት ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

እናቴ የምትኖረው መንዝ ነው። የደረሰብኝን በስልክ ነገርኋት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ተቆጣች።

«አንተ ልጅ፣ ዱቄት ይቀመጣል እንዴ?»

«ምን ይቀመጣል ታዲያ፣ እማዬ?»

«እህል ነዋ! ዱቄትማ የሞተ እህል ነው። የሞተ ነገር ይሸታል።»

ይህን ታሪክ ለሳቅ ብቻ አላነሣሁትም። ወንፊት እየነቀነቅሁ ያሰብሁት ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እኔ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ዲግሪ አለኝ፤ የሰው ገንዘብ ሳንቲም ሳላጎድል አስቀምጣለሁ። እናቴ በፊርማ ፈንታ አውራ ጣቷን የምታኖር ሴት ናት። ነገር ግን አንድ ቁና ገብስ ከዓመት ዓመት ሳይነቅዝ ማኖር እርሷ ታውቃለች፣ እኔ አላውቅም። ይህ ዕውቀት ከእርሷ ወደ እኔ ሲሻገር የቱ ላይ ጠፋ? እኔ እንደሚመስለኝ ጠፍቶም አይደለም፤ አያስፈልግም ብለን ጣልነው። ሱቁ ከደረጃው ሥር ነው። ወፍጮ ቤቱ ከሱቁ ጎን ነው። ደመወዝ በየወሩ ይገባል። እንግዲህ ለምን ይሰነቃል?

ስንቅ የሚለውን ቃል ልብ እንበለው። ዛሬ ተስፋ እንሰንቃለን፤ ራእይ እንሰንቃለን። በዓል በመጣ ቁጥር ከመድረክ ላይ ስንት ነገር ሲሰነቅ ሰምተናል! በአቁማዳ በሶ የሚሰንቅ ግን ከመካከላችን ጠፋ። ቃሉ ከማጀት ወጥቶ ወደ ንግግር ተሰደደ ማለት ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት የዛሬው ዓይነት የስንቅ መምሪያ አልነበረውም። ዘማቹ በሶውንና ቋንጣውን፣ ድርቆሹንና ቆሎውን በአህያና በበቅሎ ጭኖ፣ የሚፈጩና የሚጋግሩ ሴቶችን አስከትሎ ነው የተጓዘው። ጦርነቱ በተቃረበ ጊዜም ሁለቱም ወገኖች ስንቃቸው እየተሟጠጠ ተቸግረው ነበር። የታሪክ መጻሕፍታችን ጎራዴውንና መድፉን አብዝተው ይተርካሉ፤ አቁማዳውን ግን አልፎ አልፎ ነው የሚያነሡት።

በሶን መጀመሪያ ያሰበው ሰው ማን እንደ ሆነ ባውቅ ገጣሚ ብዬ በጠራሁት ነበር። ገብሱ ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይፈተጋል፣ ይፈጫል። ከዚያ በኋላ እሳት አይፈልግም። ቀዝቃዛ ውኃና ጨው ካገኘ በዋሻም በመንገድም በጨለማም ይበላል። ድርቆሽም እንዲሁ ነው፤ በሦስት ቀን ሊሻግት የሚችለውን እንጀራ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ወራት እንዲቆይ ማድረግ ቀላል ብልኃት አይደለም። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ሕግ ነው፤ ውኃውን ካወጣህለት ምግቡ ይቆይልሃል።

እኔ በምውልበት ስፍራ ደግሞ ሌላ ቃል አለ፤ ተቀማጭ። ሰው ገንዘቡን ያመጣል፤ እኔ ቁጥሩን እመዘግባለሁ። ባንኩ ግን ራሱ ነገን አያምንም። ከተቀማጩ የተወሰነው እጅ በብሔራዊ ባንክ መጠባበቂያ ሆኖ እንዲቀመጥ ሕጉ ያስገድደዋል። ይህ ጥሩ ሕግ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ገንዘቤን አምጡ ቢል ምን ይሆናል ተብሎ የታሰበበት ነው። አስቀማጩ ቤተሰብ ግን መጠባበቂያ የለውም። ያለውን ሁሉ ለእኔ ሰጥቶኝ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ሲገበያዩ ቢያንስ ገንዘባቸው ይላስ ነበር። የእኔን ደረሰኝ ማን ይልሰዋል?

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ካለ ወደ 2013 ዓ.ም. ልመልሰው። ከዚያ ዓመት ሰኔ ማብቂያ ጀምሮ በትግራይ ባንኮች ተዘጉ፤ ስልክም መብራትም ተቋረጠ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም፣ ከዚያም በታኅሣሥ በአንዳንድ ከተሞች ቅርንጫፎች መከፈት እስኪጀምሩ ድረስ የስንቱ ሰው ገንዘብ በስሙ ተመዝግቦ ሳለ ከእጁ አልገባም። ከጎኔ ባለው መስኮት የሚሠራ ባልደረባዬ እኅቱ መቐለ ነበረች። የሒሳቧን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል፤ ብዙውን ገንዘብ የላከላት እርሱ ነውና። ቁጥሩ ሙሉ ነበር። በኋላ ስትነግረው በዚያ ሁሉ ጊዜ ካቆዩአት ነገሮች አንዱ ጎረቤቷ በየሳምንቱ እየሰፈሩ የሰጧት ዳጉሳ ነበር። ሴትዮዋ ያን ዳጉሳ ከጦርነቱ በፊት በእንስራ አኑረውት ነበር።

ይህን ከነገረኝ ቀን ማታ በአንድ አሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የጫርኋት ግጥም ይህች ናት፤

ጎተራው ባዶ ነው፣ አይጡም ተሰደደ፤
የእናቴ ሙያ፣ ከኔ ርቆ ሄደ፤
ብር ስቆጥር ውዬ፣ ማታ ቤት ስገባ፣
እፍኝ ገብስ አጣሁኝ፣ ምጣድ የሚገባ።

ስለዚህ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ደመወዝ ያለው የከተማ ቤተሰብ ሁሉ ቢያንስ የሦስት ወር ደረቅ እህል በገዛ እጁ አሽጎ ቤቱ ውስጥ ማኖር ይገባዋል። ይገባዋል ስል በሕግ ይታዘዝ ማለቴ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ የሚፈላ ቡና ማጣት ነውር የሆነውን ያህል፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገብስ ማጣትም ነውር ይሁን ነው የምለው። ይህ የድሆች አገር ሥጋት ብቻ እንዳይመስለን። የስዊድን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018፣ እንደገናም በ2024፣ ቀውስ ወይም ጦርነት ቢመጣ ምን ማድረግ እንደሚገባ የምታስረዳ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ለየቤቱ ልኳል፤ ምግብና ውኃ በቤት ስለ ማኖርም ትናገራለች። በአሜሪካ የሚኖሩ የሞርሞን እምነት ተከታዮች ስንዴና ባቄላ በቆርቆሮ አሽገው ለዓመታት ማኖርን ልማድ ካደረጉት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እኛ ግን ቃሉም ሙያውም ከእነርሱ በፊት የነበረን ሰዎች፣ ዛሬ ጎተራን የምናውቀው በሥዕል ነው።

የአባቶችን ዘዴ ሳነሣ ናፍቆት ብቻ ይዞኝ አይደለም። ጎተራው ከድንጋይ ላይ ከፍ ተደርጎ የሚቆመው የመሬት እርጥበት እንዳይደርስበትና አይጥ እንዳይቀርበው ነው። ግድግዳው በጭቃና በእበት የሚመረገው ነፋስና ነፍሳት እንዳያልፉበት ነው። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የሐረርጌ የማሽላ ጉድጓድ ነው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ማሽላው ይሞላና አፉ ይደፈናል። እህሉ ሕይወት ያለው ነገር ነውና ይተነፍሳል፤ ነቀዙም ይተነፍሳል። በጉድጓዱ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ኦክሲጅን ተሻምተው ይጨርሷታል፤ ያን ጊዜ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፣ እህሉ ይተርፋል። ጉድጓዱ በተከፈተ ጊዜ ሰው ወዲያው ዘሎ የማይገባውም ለዚህ ነው፤ ሳይናፈስ የገባ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ጉድለቱ ከአፈሩ ወደ እህሉ የሚሰርገው እርጥበት ነው፤ ከግድግዳው አጠገብ ያለው እህል ይበላሻል።

አሁን ለገበሬው የሚሸጠው ፒክስ የተባለው ከረጢት ይህንኑ ጉድጓድ ነው ወደ ላስቲክ ያመጣው። ሁለት ወፍራም ላስቲኮች በአንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይደረባሉ፤ አንዱ ከሌላው በኋላ ይታሰራል፤ ነቀዙ በገዛ ትንፋሹ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከካሜሩን ባልደረቦቻቸው ጋር ለጥራጥሬ ብለው ያወጡት ዘዴ ነው። መድኃኒት የለው፣ ሽታ የለው። የሐረርጌ ሽማግሌ ቢያየው «ይህማ የኛው ነው» ሳይል የሚቀር አይመስለኝም።

በጥር 2013 ዓ.ም. እናቴ ለጥምቀት መጥታ ሳለች ሁለታችን እንደገና ጀመርን። እንዴት እንዳደረግነው ልንገራችሁ፤ ለአንዳንዱ አንባቢ ይጠቅም ይሆናል።

ጥር የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። መኸሩ ገብቷል፣ ዋጋው ረገብ ብሏል፣ አየሩ ደርቋል። በክረምት እህል የሚያሽግ ሰው ዝናቡንም አብሮ ያሽጋል። ምን እንግዛ በሚለው ላይ እናቴ ዳኛ ነበረች። ጤፍ ቀዳሚ ነው፤ ከደቃቅነቱ የተነሣ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም። ዳጉሳም ዓመታትን ይሻገራል። ገብስ፣ ስንዴ፣ ሽንብራ፣ ምስር ሳይፈጩ ሳይከኩ። እኔ በበኩሌ ነጭ ሩዝ ጨመርሁ፤ በደንብ ደርቆ፣ ከኦክሲጅን ተለይቶ፣ በቀዝቃዛ ስፍራ የታሸገ ነጭ ሩዝ ለአሥርተ ዓመታት ሊበላ እንደሚችል ስላነበብሁ። እናቴ ሩዝን እህል ብላ ለመጥራት እስከ ዛሬ አልፈቀደችም። የተውናቸውም አሉ። ኑግ፣ ተልባና ለውዝ ቅባት ስላላቸው ጠረናቸው ቶሎ ይለወጣል። ዱቄትም በዚሁ ይከሰሳል፤ እህሉ ሲፈጭ በፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ የነበረው ቅባት ለአየር ይጋለጣል። እናቴ «የሞተ እህል» ያለችው ይህንኑ ነው። በርበሬውንም ከነዛላው እንጂ ደልዘን አላኖርነውም።

ከዚያ ማድረቅ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ተረት ለጠብ ይሠራ እንደ ሆነ እንጂ ለእህል አይሠራም፤ በእህል ግልባጩ ነው ትክክሉ። በረንዳው ላይ ሸራ አንጥፈን ሦስት ቀን ሙሉ አሰጣን፤ ማታ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው እያስገባን። እናቴ መድረቁን የምትለካው በጥርሷ ነው፤ ፍሬዋ «ቀጭ» ብላ ከተሰበረች ደርቃለች፣ ከጥርስ ሥር ከተላመጠች አልደረቀችም። እኔ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ዘዴ አሳየኋት። በደረቀ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ጥቂት እህልና የደረቀ ጨው አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ መነቅነቅና ማቆየት ነው፤ ጨዉ ከብልቃጡ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። የእርሷ ጥርስና የእኔ ጨው ተስማሙ። ሆኖም ጨዉ የሚናገረው እጅግ እርጥብ የሆነውን ብቻ ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ለሚታሸግ እህል ጥርሷን አብልጬ አመንሁ። እርጥበት ቀልድ አይደለም። በጥርጣሬ የታሸገ እህል ይሻግታል፤ ከሻጋታው አንዳንዱ አፍላቶክሲን የሚባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ መርዙ ሻጋታው ቢጠረግም፣ እህሉ ቢበስልም አይጠፋም። በውስጡ እርጥብ የሆነ ቋንጣ ወይም በግማሽ የደረቀ ድርቆሽ አየር በሌለበት ዕቃ መዝጋት ደግሞ የባሰ ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ረቂቅ ተሕዋስ የሚወደው እንዲህ ያለውን ቤት ነው።

ዕቃው የምናውቀው ሃይላንድ ነበር። የሁለት ሊትር የውኃ ጠርሙስ ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ ለሳምንት ደርቆ። እህሉን በሙዳይ አፍ አድርገን እየሞላን ጠርሙሱን ከወለሉ ጋር መታ መታ እናደርገዋለን፤ ይጠቀጠቃል፤ እንደገና እንሞላለን፣ እስከ አንገቱ። ባዶ ቦታ አየር ነው፤ አየር ደግሞ የነቀዝ ስንቅ ነው። ክዳኑን አጥብቀን በሰም ዙሪያውን አተምነው። ያን ጊዜ ጠርሙሶቹን በየተራ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ለአራትና ለአምስት ቀን አስገባኋቸው፤ በዓይን የማይታየው የነቀዝ እንቁላል እዚያ ይሞታል። ሲወጡ ሙቀታቸው እስኪመለስ አይከፈቱም፤ አለዚያ ላብ ያልባቸዋል። እናቴ ይህን ስታይ አማተበች። «እህል ይበርደዋል እንዴ? ምን አደረገህ?» አለች።

በውጭ አገር የብረት ብናኝ ያለባት ትንሽ ከረጢት ከእህሉ ጋር ይከታሉ፤ ብረቱ ሲዝግ ኦክሲጅኑን ይበላዋል። ማግኘት የቻለ ቢጠቀምባት መልካም ነው። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት ጠጠር ያለባት ከረጢት ግን ሌላ ናት፤ እርሷ እርጥበት እንጂ ኦክሲጅን አትወስድም። ሻማ ለኩሶ ከውስጥ መዝጋትም አይበቃም፤ መብራቱ የሚጠፋው ኦክሲጅኑ ከማለቁ ብዙ ቀድሞ ነው።

አሁን ድምፄን ከፍ አድርጌ የምናገረው ነገር አለኝ። በየገበያው የነቀዝ መድኃኒት እየተባለ የሚሸጠውን ኪኒን፣ አሉሚንየም ፎስፋይድን፣ ሰው ከሚተኛበት ቤት አታግቡት። ኪኒኑ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው፤ ሕፃኑንም የሚገድለው ይኸው ነው። በማዳበሪያው ተጠቅልሎ አይቀርም፤ በስንጥቅና በበር ሥር ያልፋል። ማርከሻ የለውም። በአንድ ክፍል ቤት እህሉም ልጁም እናቱም አብረው ያድራሉ፤ ማታ ኪኒን ከማዳበሪያው ጨምረው የተኙ፣ ጠዋት ያልተነሡ አሉ። ሐረርጌ ያለ መርዝ ያደረገውን፣ አንድ ሃይላንድና አንድ ማቀዝቀዣ ያለ መርዝ የሚያደርገውን፣ በነፍስ ለምን እንገዛዋለን?

ሐሳቤን ለወዳጆቼ ስናገር ሦስት ዓይነት መልስ ነው የማገኘው። የመጀመሪያው «ሟርተኛ» የሚል ነው፤ ለነገ እንዳንጨነቅ ታዘናል ይሉኛል። እኔ ደግሞ ዮሴፍ በግብፅ የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል ምን እንዳደረገው እጠይቃቸዋለሁ፤ ክርክሩ በዚህ ያበቃል።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። እህል ማከማቸት ገበያውን ያስወድዳል፤ አንተ ስትሞላ ሌላው ይጎድልበታል የሚል ነው። ይህ ክስ በእኔ ላይ ሲቀርብ እውነት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የሮጥሁት እኔ ዋጋ ካስወደዱት አንዱ ነበርሁ፤ ከእኔ ኋላ የተሰለፈችው እናት የሃያ ኪሎዬን ሽሮ ዋጋ ከፍላለች። ሽሮውም ሻግቶ ተጣለ። በጥር፣ እህል በሞላበት፣ ጥቂት በጥቂት የገዛ ግን በክረምት ሰልፉ ላይ አይገኝም፤ ቦታውን ለሌላው ይለቃል። የመቐለዋ ጎረቤትም የሰፈሩት እህል ቀድሞ ስለተቀመጠ ነው። ነጋዴው በመጋዘን የሚደብቀው ክምችት ይባላል፤ ዋጋ ይጠብቃል። ስንቅ የሚጠብቀው ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ዜና ስሰማ ይከፋኛል።

ሦስተኛውን መልስ መመለስ አልችልም። «ድሃው ምን ያሽጋል?» ይሉኛል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን የ1965ና የ1966 ዓ.ም. ረኃብ መርምሯል። ያሳየው ነገር በአገሪቱ የነበረው እህል ያን ያህል አለመቀነሱን፣ የወሎ ገበሬ ግን የሚገዛበትን ዐቅም ማጣቱን ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በክፉ ቀን ዘመንም የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ የሚያርስ ሲጠፋ የሚጎተር ጠፋ። ጠርሙስ ለእንዲህ ያለው መከራ መልስ አይሆንም። መንገድ ሲዘጋ፣ ደመወዝ ሲቀር፣ ሱቅ ሳይከፈት ሲውል፣ ያን ጊዜ ነው የሚያገለግለው። ሴንን ካነበብሁ በኋላ መደርደሪያዬን በኩራት ማየት ትቻለሁ፤ ከሚሞላው ሁሉ አሥራት ያህሉን ከታች ላለችው ጥበቃ ቤተሰብ ብዬ ለይቼ እጽፍበታለሁ።

አንድ ስሕተት ግን ሠርተን ነበር። ጥሬ እህል ወፍጮና እሳት ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤቱም ምድጃዬም አብረው ይቆማሉ። ይህን ያስታወሰችኝ እናቴ ናት። ስለዚህ ሙቀጫ ገዛሁ፤ ጎረቤቶች ጫጫታውን እስኪለምዱት ድረስ ብዙ ታግሠውኛል። ሁለት ጠርሙስ በሶም ሁልጊዜ አለን። እርሱ የተፈጨ ነውና በየሦስት ወሩ እንበላውና እንተካዋለን። መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። በየጠርሙሱ ላይ ወርና ዓመት የምጽፈው በባንክ እጄ ነው፤ ሚስቴ ማኅተም ብቻ ነው የቀረህ ትለኛለች።

በ2017 ዓ.ም. በዓቢይ ጾም ሰሞን እናቴ መጥታ ሳለች «የካቲት 2013» የሚለውን የገብስ ጠርሙስ ከፈትን። ሰሙን በቢላ ፋቀችው። በሰፌድ ላይ ዘረገፈችው፤ አበጠረችው፤ አሸተተችው። አንዲት ፍሬ ከጥርሷ ሥር አደረገች። «ቀጭ» አለች። ምንም አልተናገረችም። ግማሹን አምሳ ቆሎ አደረገችልን። ከቀረው አንድ እፍኝ ወስዳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ወደ መንዝ ስትመለስ ይዛው ሄደች።

በሐምሌ መጀመሪያ ደወለች።

«ያንን ገብስህን ከጓሮ ዘርቼው ነበር። ገሚሱ በቅሏል።»

«ገሚሱስ፣ እማዬ?»

«ገሚሱማ በርዶት ይሆናላ፤ በረዶ ውስጥ ከተኸው አልነበር?»